የ1881 የስኮትላንድ ህዝብ ቆጠራ ላይ የስድስቱም ልጆች የትውልድ ቦታ የተለያየ ነው፣ ለምን ይሆን?

የአበርዲኗ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ባለቤቴ ስኮትላንዳዊ ነው፣ ልጆቼ የአባታቸውን ዘር እንዲያውቁ ብዬ እየቆፈርኩ ነው። የአያቱ አያት አበርዲንሸር ገጠር ውስጥ በፈረስ የሚያርሱ ቅጥር ሰራተኛ ነበሩ። በ1881ዱ ቆጠራ ባልና ሚስት ከ6 ልጆች ጋር ተመዝግበዋል፣ መስኮት ያለው ክፍል ብዛት የሚለው ላይ 1 ይላል፣ ለ8 ሰው! ከሁሉ ግራ የገባኝ ግን ስድስቱም የተወለዱት የተለያየ ሰበካ ነው፣ ሁሉም ደግሞ በእግር የሚደረስበት ሰፈር። ባለቤቴ ጠበኛ ሆነው እየተባረሩ ይሆናል አለኝ፣ እኔ ግን እንደዛ ብዬ ለልጆቼ መንገር አልፈልግም። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

አሮጌ መዝገብ፦
እህቴ ጠበኛ አልነበሩም፣ እንደዛ ብለሽ እንዳትነግሪያቸው። ያኔ ያላገባ አራሽ የሚቀጠረው ለ6 ወር ነው፣ ያገባ ደግሞ ለአመት። በግንቦትና በህዳር የቅጥር ገበያ ይቆማል፣ ገበሬው መጥቶ ዋጋ ይነጋገርና ቀብድ እጁ ላይ ያስቀምጥለታል፣ ቀብዱን ከተቀበለ አለቀ ተቀጠረ። ቤቱ የገበሬው ስለሆነ አመቱ ሲያልቅ ስራውም ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ለሚቀጥለው አመት የሚፈልገው ከሆነ ቀኑ ሳይደርስ ጠርቶ ትቆያለህ ወይ ይለዋል፣ ካልጠየቀው ሂድ ማለት ነው፣ ሌላ ቃል የለም። ብዙዎቹ ደግሞ በራሳቸው ፍላጎት ነው የሚለቁት፣ የተሻለ ደሞዝ ወይ የተሻለ ፈረስ ፍለጋ። በግንቦት መጨረሻ መንገዱ ሁሉ እቃ በጫነ ጋሪ ይሞላል፣ አልጋው፣ የዱቄት ጎታው፣ ዶሮዎቹ፣ ከላይ እናትየው ህፃኑን ታቅፋ።

የገጠር ልጅ፦
ስለ ክፍሉ እኔ ልጨምር። በ1861 ቆጠራ ከስኮትላንድ ቤተሰብ ሲሶው ገደማ የሚኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ስለዚህ የናንተዎቹ ብቻ አይደሉም። አልጋው እንደ ቁም ሳጥን በር ወይ መጋረጃ ያለው የእንጨት አልጋ ነው፣ ከስሩ ሌላ ትንሽ አልጋ ይሳብና ልጆቹ እዛ ይተኛሉ። ከደሞዙ ከፊሉ በአይነት ነው፣ በአመት ከ400 ኪሎ በላይ የአጃ ዱቄት፣ ወተት፣ ድንች። ጠዋት ገንፎ ማታም የአጃ ነገር ነው፣ የአጃ ቂጣ በብረት ምጣድ፣ ጎመን። ሚስትየዋም በውሉ እርሻ ላይ የመስራት ግዴታ ነበረባት።

አሮጌ መዝገብ፦
ወንድሜ የመጨረሻዋን ላርም፣ አራሹ አንዲት ሴት ሰራተኛ ይዞ እንዲመጣ የሚያስገድደው ውል ደቡብ ምስራቁ ጋ ነው፣ ሎዝያንና የእንግሊዝ ድንበር አካባቢ። ሰሜን ምስራቅ ያለው አበርዲንሸር ውስጥ እንደዛ አልነበረም፣ ግን አጨዳ ላይ ሴቶቹ ይሰሩ ነበር፣ ላም ማለብም አለ። እህቴ፣ ከ1855 ወዲህ የልደት ምዝገባ ግዴታ ስለሆነ የስድስቱንም ሰርተፍኬት አውጪ፣ ገጠር ላይ ብዙ ጊዜ የእርሻውን ስም ራሱ ይፅፋሉ። ከ1861 ወዲህ ያለው ላይ ደግሞ ወላጆቹ የተጋቡበት ቀንና ቦታም አለ። ከ1872ቱ የትምህርት አዋጅ በኋላ የትምህርት ቤት መዝገብም ይጠቅምሻል፣ መምህሩ በግንቦት የለቀቁና የመጡ ልጆችን ይመዘግብ ነበር።

የአበርዲኗ፦
እግዚአብሄር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት ዝም አለ። አማቴ ቤት ብርድ ልብስ የምታስቀምጥበት አሮጌ የእንጨት ሳጥን አለ፣ የአራሹ ነው ይባላል፣ ስሩ በአንድ ጎን ተፈግፍጎ አልቋል፣ አይጥ ነው ብለን ነበር፣ ለካ ጋሪ ላይ ሲጫንና ሲወርድ ይሆናል። የመጀመሪያዋን ልጅ ሰርተፍኬት ዛሬ አዘዝኩ፣ የእርሻው ስም ካለበት ቅዳሜ በመኪና እንሄዳለን።