ኮርስ አውትላይን ሳይኖር የቆየ ክሬዲት ማስቆጠር ይቻላል?

ሥራ ላይ ሆነው ያቋረጡትን ዲግሪ ለመጨረስ የሚመለሱ ሰዎችን የምታማክሩ፣ እባካችሁ መላ በሉኝ።

አንዲት ተማሪ ከ12 ዓመት በፊት 68 ክሬዲት ወስዳለች። ትራንስክሪፕቷ በታሸገ ፖስታ ደርሶ ሬጅስትራሩ 41ዱን ተቀበለ። ቀሪው 27 የታገደው በውጤት ሳይሆን የኮርሶቹ አውትላይን (በኮርሱ ምን ምን እንደተሰጠ የሚዘረዝረው ሰነድ) ስላልተያያዘ ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው «ስታትስቲክስ 1» የሚል ስም፣ ክሬዲትና ውጤት ብቻ ነው፤ የትኞቹ ምዕራፎች እንደተሸፈኑ ስለማያሳይ ትምህርት ክፍሉ ከራሱ ኮርስ ጋር ማመሳከር አልቻለም። የዚያን ጊዜ ካታሎግ ተገኝቷል፤ ግን ለአንድ ኮርስ ሦስት መስመር መግለጫ ነው ያለው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ስታትስቲክሱ ነው። እሱ ካልተያዘላት የምርምር ዘዴ ኮርስ መመዝገብ አትችልም፤ ያለዚያ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ የለም። በማታው መርሐ ግብር የሚሰጠው በዓመት አንዴ ስለሆነ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ሙሉ ዓመት ይበላባታል። ለሠራተኛ ሰው ያ ዓመት ዳግመኛ የማቋረጫ ሰበብ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

በካታሎጉ መግለጫና በያኔው መማሪያ መጽሐፍ ማውጫ ብቻ ትምህርት ክፍል ያሳመነ አለ? ወይስ በቀጥታ ኮርሱን ደግማ ሳትማር እውቀቷን የምታሳይበት የብቃት ፈተና ትጠይቅ? ብትወድቅስ፣ የድሮው ኮርስ ይያዝልኝ የሚለው የአቻነት ጥያቄዋ አብሮ ይዘጋል? ምዝገባው ሊዘጋ 9 ቀን ነው የቀረው።