ለትንሽ ጀልባ ባለ ሁለት ፕሮፔለር ያዋጣል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። ጣና ላይ ሰው የማመላልስባት የ7 ሜትር ጀልባ አለችኝ። ሞተሯን ከነማርሹ ልቀይር ነው፤ መወሰን ግን አቃተኝ።

አንዱ አማራጭ የጀልባ ሞተር አምራቹ ቮልቮ ፔንታ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዓይነት ነው። ሁለት ፕሮፔለሮች፣ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ። የፊተኛው ያሽከረከረውን ውሃ የኋለኛው ለግፊት ይጠቀምበታል። ጀልባዋም ወደ ጎን አትስብም። ገዳማቱ ጋ ስጠጋ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ውድ ነው። ድንጋይ ቢመታው ሁለት ፕሮፔለር መግዛት ሊኖርብኝ ነው። እምቦጭ ሲጠመጠምበትስ? ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ነጠላውን ወስጄ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔለር ብገጥም አይበቃኝም? ቀስ ብላ ለምትሄድ ጀልባ የነዳጅ ቁጠባው ወጪውን ይመልሳል? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።