ክርክር፦ አዲስ የሚሠራ ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን ይሁን ወይስ አራት ማዕዘን?

መነሻ፦ እ.ኤ.አ. በ1911 የተጠናቀቀው አራዳ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ነው። ቅርጹ ካለው መንፈሳዊ ትርጉም የተነሣ አዲስ የሚሠራውም እሱን መከተል አለበት ወይ?

ዘአራዳ፦ አለበት እንጂ! ስምንት በመርከብ የዳኑት የኖኅ ቤተሰብ ቁጥር ነው። ከሰባተኛው ቀን ማግስት ያለው የትንሣኤ ቀንም ስምንተኛ ይባላል። ሮም ያለው የላተራን ማጥመቂያ ቤትም ስምንት ማዕዘን ነው።

ቀያሹ፦ ወንድሜ፣ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ የግድ ክብ ወይም ስምንት ማዕዘን ቅርጽ አይፈልጉም። ደብረ ዳሞ አራት ማዕዘን ነው፤ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል። የሰሎሞን ቤተ መቅደስ 60 ክንድ በ20 ክንድ ነበር፤ ቅድስተ ቅዱሳኑ በሁሉም በኩል 20። ክቡ ቤተ ክርስቲያን እኛ ዘንድ የተስፋፋው ዘግይቶ ነው።

ሰባራ ባቡር፦ ሰሎሞንም ፒራሚዱም በወርቃማው ምጣኔ (ውበት አለው በሚባለው የሁለት ርዝመቶች ምጣኔ)፣ በ1.618 ነው የተሠሩት። ምስጢሩ እዚያ ነው።

ቀያሹ፦ 60 ለ20 እኮ ሦስት ለአንድ ነው፤ 1.618 ከየት መጣ? ግብጻውያን ተዳፋትን የሚለኩት አንድ ክንድ ወደ ላይ ሲወጡ ስንት መዳፍ ወደ ውስጥ እንደሚገቡ በመቁጠር ነው። ክንዳቸው 7 መዳፍ ነው፤ ለትልቁ ፒራሚድ ተዳፋት 5 ተኩል ይስማማል። በዚህ ልክ የተሠራ ሁሉ፣ ማንም ሳያስበው፣ የጎኑ ተዳፋት ርዝመት ለመሠረቱ ጎን እኩሌታ ሲካፈል 1.618 ገደማ ይሆናል። ሆን ተብሎ የተቆጠረ ቁጥር ካማራችሁ የጥንት ህንዶችን የእሳት መሠዊያ እዩ፦ የጭልፊት ቅርጽ፣ 5 ንብርብር፣ በየንብርብሩ 200 ጡብ። እዚያ ቁጥሩን የሚያዘው ሥርዓቱ ራሱ ነው።

ዘአራዳ፦ ፒራሚዱን ተወው። የእኛ ስምንት ከመጽሐፍ ነው።

ቀያሹ፦ ትርጉሙን አልካድኩም፤ ግዴታነቱን እንጂ። ስምንት ማዕዘን ለሚሠራው ደግሞ ይኸው፦ 20 ሜትር በ20 ሜትር ካሬ ቀይሱ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል 28.28 ካልሆኑ ችካል አትትከሉ። ከየማዕዘኑ በሁለቱም ጎን 14.14 ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ፤ ስምንት ነጥብ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ጎን 8.28። የናይሎን ገመድ ስለሚሳብ በብረት ሜትር ለኩ። እዚህ የተሳሳተ ጣሪያው ላይ ይጋለጣል፤ የማዕዘን ወራጆቹ ጉልላቱ ሥር አይገጥሙም። ቆርቆሮውም በስምንቱ ማዕዘን በሰያፍ እየተቆረጠ ብዙ ይባክናል። ወለሉ 331 ካሬ ሜትር ነው፤ አራት ማዕዘኑ 400 ነበር።

ሰባራ ባቡር፦ መቅደሱ መሀል ሲሆን ደግሞ ከኋላ የቆመ ምንም አያይም።

ዘአራዳ፦ መጋረጃው ሲዘጋ ከፊት የቆመውስ ምን ያያል? ይልቅ መቅደሱን ወደ ምሥራቅ ግድግዳ ካስጠጋችሁት ዑደቱ በየት ሊዞር ነው?

ቀያሹ፦ በውጭ። ስለዚህ ሕንፃውን አጥሩ ድረስ አታድርሱት፤ ታቦቱ ከነጥላው፣ ካህናቱና መዘምራኑ የሚያልፉበት በአራቱም በኩል ይተው።