ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ የካንሰር መድኃኒት ኬሚስት መሆን ይቻላል?

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በየጠዋቱ በሰርቪስ እየተመላለስኩ በአንድ መድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ስሠራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ ከውጭ የገባው ጥሬ ዕቃ ደረጃውን የጠበቀ መሆኑን በኤችፒኤልሲ (በፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀሉትን ነገሮች ለይቶ በሚለካ መሣሪያ) ማረጋገጥ ሲሆን፣ የምወደው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በየቀኑ የምመረምረው ሞለኪውል ሌላ ሰው በሌላ አገር አስቦ የሠራው ነው። አክስቴን በጡት ካንሰር ካጣሁ ወዲህ፣ የሚሠሩትን ሰዎች መቀላቀል እፈልጋለሁ። የመድኃኒት ኬሚስት ውሎው ምን ይመስላል? ለሁለተኛ ዲግሪስ በየትኛው ዘርፍ ብማር ይሻላል?

መላሽ፦ ከባሕር ማዶ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በካንሰር መድኃኒት ፍለጋ ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርዎት። የባዮሎጂ ባለሙያዎች ሕዋሱን ያለ ልክ የሚያባዛውን ፕሮቲን ለይተው ይሰጡናል፤ እኛ ደግሞ በዚያ ፕሮቲን ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ሥራውን የሚያስቆም ሞለኪውል ነድፈን በእጃችን እንሠራለን። ውጤቱ ሲመለስ አንድ ቦታ ለውጠን እንደገና እንሠራለን።

ኢማቲኒብን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት የተፈቀደው ይህ መድኃኒት፣ መነሻው ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የሚባለውን ሌላ ኢንዛይም የሚያግድ ሞለኪውል ነበር። ኬሚስቶቹ አንዲት ሜቲል፣ ማለትም አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን፣ በተመረጠ ቦታ ላይ ሲጨምሩ ሞለኪውሉ ቅርጹ ተለውጦ ያንን ኢንዛይም ማገዱን ተወ፤ የካንሰሩን ፕሮቲን ማገዱን ግን አላቆመም፤ በውሃ ውስጥ አልሟሟ ሲላቸው ደግሞ ፓይፐራዚን የተባለ ቀለበት ቀጠሉበትና በአፍ የሚወሰድ ሆነ። ሥራችን ማለት ይኸው ነው።

ውሎው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትዕግሥት ነው። በውህዱ ውስጥ ያሉትን ነገሮች እንደ ነጥብ ለይታ የምታሳይ፣ ጣት የምታህል የቲኤልሲ ንጣፍ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ይዘው የመነሻው ነጥብ ጠፍቶ አዲሱ ነጥብ ወጥቶ እንደሆነ ያያሉ፤ ካልጠፋ ሌላ ሁለት ሰዓት ይጠብቃሉ። እኔ ከሠራኋቸው ብዙ መቶ ሞለኪውሎች እስካሁን አንዱም ሕመምተኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ይህን አስቀድመው ማወቅ ይገባዎታል። ያም ሆኖ የወደቀው ሞለኪውል ሁሉ የትኛው መንገድ ዝግ እንደሆነ አሳይቶናል።

መላሽ፦ መምህር ከአቃቂ

ስለ አክስትዎ በማንሳትዎ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1972 ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር፣ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ከሆነ ቁጥቋጦ ሜይታንሲን የሚባል ሞለኪውል ማግኘቱን አሳወቀ። የሕዋስን መከፋፈል የሚያስቆም ኃይሉ እጅግ ብርቱ ነበር፤ በሰው ላይ ሲሞከር ግን ጤናማውንም አካል ስለጎዳ ብቻውን መድኃኒት ሊሆን አልቻለም። ከዓመታት በኋላ ኬሚስቶች ሰልፈር ያለበት መያዣ አበጅተውለት፣ ሄር2 የተባለው ፕሮቲን የበዛበትን የካንሰር ሕዋስ ለይቶ ከሚይዘው ትራስቱዙማብ ከተባለ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ጋር አያያዙት፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2013 ለጡት ካንሰር ሕክምና ተፈቀደ። ተክሉ ከእኛ ምድር ተወስዶ ኬሚስትሪው በሌላ አገር መሠራቱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ሲጠይቅ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው።

ምክሬ ኦርጋኒክ ሲንተሲስን፣ ማለትም የካርቦን ሞለኪውሎችን የመሥራት ጥበብን፣ በጥልቀት እንዲማሩ ነው፤ የፕሮግራሙ ስም አያሳስብዎት። አራት ኪሎ የሚገኘው የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል በተፈጥሮ ውጤቶች ምርምር የቆየ ልምድ አለው፤ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ሰፈርዎ ነው። ችግሩ ሪኤጀንት፣ ማለትም ለሙከራ የሚያስፈልገው ኬሚካል ነው፤ እኔ አንዱን አዝዤ ስድስት ወር ጠብቄያለሁ። ስለዚህ አማካሪ ሲመርጡ ከማዕረጉ ይልቅ ቤተ ሙከራው በዚህ ዓመት ምን እንደሠራ ይጠይቁ።

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ አጣጥ የተነገረኝን ለእናቴ አነበብኩላት። ትምህርት እስክጀምር ድረስ ማታ ማታ ቤቴ ሆኜ ምን ልለማመድ እችላለሁ?

መላሽ፦ ከባሕር ማዶ

ኬምብል የተባለው የመረጃ ቋት በነፃ ክፍት ነው፤ ሞለኪውሎቹ ከነተለካው ውጤታቸው ይገኙበታል። በዚህ ቅዳሜ ኢማቲኒብን በወረቀት ላይ ይሳሉ፣ ያችን ሜቲል ይፈልጉና ብትነሳ ምን እንደሚለወጥ በራስዎ አነጋገር ጽፈው እዚህ ያስቀምጡልን። ከዚያ እንቀጥላለን።