በሐምሌ ሁለት ሳምንት፣ በመምህር ደመወዝ ስንት አገር ማየት ይቻላል?

ጥያቄ፦ መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ መምህራን ነን። ከኢትዮጵያ ወጥተን አናውቅም። ተማሪዎቼን ካርታ ላይ አሳዩኝ የምላቸውን ከተሞች በዓይኔ ማየት የቆየ ምኞቴ ነው፤ ባለቤቴም በዚህ ትብሰኛለች እንጂ አታንሰኝም።

ፓስፖርታችን ወጥቷል። በክረምቱ እረፍት ሁለት ሳምንት ያህል አለን። ሐሳባችን በአንድ ጉዞ የቻልነውን ያህል አገር አይተን መመለስ፣ ከዚያም በየዓመቱ በአጭር በአጭሩ መቀጠል ነው። ገንዘቡ ከደመወዝ የተቆጠበ ስለሆነ ሳፋሪም ትልቅ ሆቴልም አንመኝም፤ ንጹሕ አልጋና ሰላማዊ መንገድ ይበቃናል።

ከየት እንጀምር? በአውሮፕላን ወይስ በአውቶቡስ? አንድ ባልደረባችን ኬንያን፣ ዩጋንዳንና ሩዋንዳን በአንድ የሚያስገባ የ100 ዶላር ቪዛ አለ ብሎናል፤ እሱን እናውጣ? ሁለታችንም ጾመኞች ስለሆንን ምግቡም ያሳስበናል።

መልስ፦ የአንኮበር ልጅ

መምህር፣ እንኳን ጠየቃችሁ። መጀመሪያ የቪዛውን ነገር ላንሳ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያፈስሰው እዚያ ላይ ነው። የ100 ዶላሩ ቪዛ በእርግጥ አለ። ከ2014 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ለ90 ቀን በሦስቱ አገሮች መካከል ያመላልሳል። ለአውሮፓ ሰው ይጠቅመው ይሆናል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ወደ ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል። ሩዋንዳም የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮችን ዜጎች ለ30 ቀን የቪዛ ክፍያ አትጠይቅም። የሚቀረው ዩጋንዳ ብቻ ነው፤ የእሷ የአንድ ጊዜ ቪዛ 50 ዶላር ነው። ስለዚህ ሁለታችሁ 200 የምትከፍሉበትን ጉዞ በ100 ትጨርሱታላችሁ። የተረፈው 100 ዶላር ለስንት ሌሊት አልጋ እንደሚሆን አስቡት!

ደንብ ስለሚቀያየር፣ በተለይ ኬንያ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ትጠይቅ እንደሆነ፣ ከመነሳታችሁ በፊት አዲስ አበባ ያሉትን ኤምባሲዎች ጠይቁ። የዩጋንዳው ቪዛ የሚጠየቀው በኢንተርኔት ነው። ክፍያውም በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ ከባንካችሁ ጋር ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ሰው የሚጉላላው ቪዛ ተከልክሎ ሳይሆን መክፈያ አጥቶ ነው።

መልስ፦ የሞጃው ሹፌር

በመኪና ሂዱ፣ በአውሮፕላን ተመለሱ። እኔ የምመክረው ይህንን ነው። በየአገሩ በአውሮፕላን መዝለል ኪስ ያራቁታል፤ ደርሶ መልስ በአውቶቡስ ደግሞ ሁለቱን ሳምንት መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጋችሁ ትወርዳላችሁ። ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ ያንኑ ያህል ነው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት ነው። ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያ አለ። ከማርሳቢት ወዲያ ያለውን ሜዳ በቀን እለፉት፤ ለደኅንነቱም ይሻላል፣ አገሩም ይታያል። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብ ምልክት መንገድ ዳር ቆሟል። መምህር፣ እዚያ ወርደህ ፎቶ ሳትነሣ እንዳታልፍ፤ ለተማሪዎችህ ከካርታው ይልቅ ይህ ይገባቸዋል።

ከናይሮቢ ካምፓላ 650 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከካምፓላ ኪጋሊ 500 ገደማ ነው። ሁለቱም ላይ አውቶቡስ በየቀኑ አለ። ከኪጋሊ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የአንድ መንገድ ትኬት አሁኑኑ ቁረጡ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ሞያሌ ላይ «ትመለሳላችሁ ወይ?» ስትባሉ የምታሳዩት እሱን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የአውቶቡስ ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 8:00 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

መልስ፦ ነርሷ (ሸዋ ሮቢት)

ስለ መንገዱ የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ስለ ጤና ግን ማንም ስላላነሣ ልጻፍ።

የቢጫ ወባ ክትባት ያስፈልጋችኋል። ዩጋንዳ ያለ ክትባት ወረቀት አታስገባም፤ ኢትዮጵያም የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ኬንያም ልትጠይቃችሁ ትችላለች። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ። አንድ ጊዜ ከተከተባችሁ ወረቀቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ወባውን ደግሞ አትናቁት። እኛ ቆላ ያለን ሰዎች ምልክቱን ገና ሲጀምረን እናውቀዋለን። እናንተ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ወባ በሌለበት ብርድ ውስጥ የምትኖሩ ናችሁ፤ ሰውነታችሁ አልለመደውም፤ በሽታው በደገኛ ላይ ይበረታል። ናይሮቢ ከፍ ያለች ስለሆነች ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። ዩጋንዳ ግን በሁሉም ወቅት ወባ አለ። ሐኪም አማክራችሁ መከላከያ መድኃኒት ውሰዱ። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘላችሁ ከመግባታችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከወጣችሁ በኋላ ለ4 ሳምንት ይቀጥላል፤ ደኅና ነኝ ተብሎ አይቋረጥም። ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ከሆነች ይህ መድኃኒት አይሰጣትም፤ ሌላ ይታዘዝላታል። አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢነሣባችሁ፣ ወር እንኳ ቢያልፍ፣ ለሐኪሙ ዩጋንዳ ነበርን በሉት።

መልስ፦ ወለተ ማርያም

የጾሙን እኔ ልመልስ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ሁለቱን ሳምንት በዚህ መሐል ብታደርጉት የሚቀራችሁ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ለእነሱም አትቸገሩም። ኬንያ ውስጥ ኡጋሊ ከሱኩማ ዊኪ ጋር፣ ማለትም የበቆሎ ገንፎ ከተጠበሰ ጎመን ጋር፣ የትም ይገኛል። ባቄላና በቆሎ አብረው የሚቀቀሉበት ጊዜሪም አለ። ዩጋንዳ ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ ከኦቾሎኒ ወጥ ጋር ይቀርባል፤ ሳልጾምም ብበላው ደስ የሚለኝ ነው። ጎመኑ በምን እንደተጠበሰ ግን ጠይቁ።

ወቅቱም መልካም ነው። እኛ ጋ ዝናቡ ሲያጉረመርም ናይሮቢ ደረቅና ቀዝቃዛ ናት፤ ለደብረ ብርሃን ሰው ግን ያ ብርድ ብርድ አይደለም።

እህቴ ለብቻዋ ወረፋ የምትይዝበት ቦታ ካለ፣ ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ቅጂ በእጇ ይኑር። ድንበር ላይ ሴቶችን ለሥራ የሚሄዱ እየመሰላቸው ይበልጥ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ለእኛው ጥበቃ ነው፤ ወረቀቱ ካለ ቶሎ ያልቃል።

መልስ፦ የመንዝ ሰው

እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። አገር መቁጠር ብቻውን ምን ይሠራል? ድንበር አልፎ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ አውቶቡስ ውስጥ አንቀላፍቶ መመለስ አገር ማየት አይደለም። ሦስቱን አገሮች ሂዱባቸው፤ አራተኛ ለመጨመር ግን አትሩጡ። ታንዛኒያ ከናይሮቢ በናማንጋ በኩል ቅርብ ናት፤ ትፈትናችኋለች። ለከርሞ ተዉአት።

ይልቅ ጂንጃ ላይ አንድ ሌሊት እደሩ። ከናይሮቢ ወደ ካምፓላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ካምፓላ ሊደርሱ 80 ኪሎ ሜትር ሲቀር ያለች ከተማ ናት። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው እዚያ ነው። ውኃው አይጮኽም፤ ሐይቁ ጠበብ ይልና ሳይታወቅ መሄድ ይጀምራል። ጀማ ወንዛችን ዓባይ ገብቶ ካርቱም ላይ የሚያገኘው ውኃ ያ ነው። ጀማን ለሚያውቅ የሸዋ ሰው ይህን ቆሞ ማየት ከአንድ ተጨማሪ ማኅተም ይበልጣል። ኪጋሊም ስትደርሱ በ1994 እንደ ፈረንጆች የተፈጸመውን የዘር ፍጅት መታሰቢያ ሳታዩ አትመለሱ። መግቢያው በነጻ ነው፤ ግማሽ ቀን ስጡት።

ጠያቂው፦ መምህሩ

እግዚአብሔር ይስጥልን! ባለቤቴ ጂንጃን ስታነብ «ይህማ አይቀርም» ብላለች። ታንዛኒያን ለከርሞ ትተናታል። ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሩዋንዳ ሲገባ የሚያስቸግር ነገር አለ? ደግሞ ጅቡቲን ለአጭር እረፍት አስበን ነበር፤ መቼ ይሻላል?

መልስ፦ የአንኮበር ልጅ

ሩዋንዳ ፌስታል ከ2008 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ የተከለከለ ነው። ድንበር ላይ ሻንጣ ፈትሸው ይወስዱታል፤ ልብሳችሁን በጨርቅ ቦርሳ አድርጉ። ሰዓታቸው ከዩጋንዳና ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ለአውሮፕላኑ ይህን አስቡ። መኪናም በቀኝ ነው የሚሄደው። መኪና በግራ ከሚሄድባቸው ከኬንያና ከዩጋንዳ መጥታችሁ መንገድ ስታቋርጡ ጠንቀቅ በሉ።

ጅቡቲን በታኅሣሥ ወይም በጥር ሂዱባት፤ በሐምሌ ሙቀቱ ደገኛ አይችለውም። ከአዲስ አበባ ለቡ የሚነሣው ባቡር በአዳማና በድሬ ዳዋ በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ ከተማ አጠገብ ያለው ናጋድ ጣቢያ ያደርሳል። አሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ወደዚያ ለብቻ መኪና መከራየት ውድ ስለሆነ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተጋሩ።

መልስ፦ የሞጃው ሹፌር

አንዱን ረስቼ ነበር። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ብላችሁ በዚያው ቀን ለመያያዝ አታስቡ። መንገዱ ክፍት መሆኑን በዋዜማው ጠይቁ፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ ገብታችሁ አዲስ አበባ እደሩ። የሞያሌው አውቶቡስ ሌሊት ስለሚነሣ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዙ።