ቅዳሜን ከልጆችና ከአያት ጋር ጫካ ለመዋል፦ እንጦጦ ወይስ መናገሻ ሱባ?

የሦስት ልጆች እናት
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነን። 5፣ 9 እና 14 ዓመት የሆናቸው ልጆች አሉን፤ የባለቤቴ እናትም (72 ዓመታቸው ነው) አብረውን ይኖራሉ። ሳምንቱን ሙሉ የምንገናኘው ራት ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ስልክና ቴሌቪዥን ይሻሙናል። በወር አንድ ቅዳሜ ሁላችንም አንድ ላይ ዛፍ ሥር ለመዋል አስበናል። ትንሹ ቶሎ ይደክመዋል፣ ትልቁ ይሰለቸዋል፣ እማማን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የቤት መኪና አለን። የት ብንሄድ፣ ምን ያህል ብንራመድ፣ ምን ብንይዝ ይሻላል?

ጽድና ወይራ
እህቴ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት እንጦጦ ይሁን። መናገሻ ሱባ ድንቅ ጫካ ነው፤ ጽዱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ጫካ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ነገር ግን የመጨረሻው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ዝናብ ሲነካው ዝቅ ያለ መኪና ይይዛል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅም ግድ ነው። ልጆቹ ጫካውን ሲለምዱት በበጋ ሂዱ።

አብዛኛው ቤተሰብ የሚሳሳተው ጉዞውን በኪሎ ሜትር ሲያቅድ ነው። የ5 ዓመት ልጅ እየቆመ፣ ድንጋይ እያገላበጠ በሰዓት ከ2 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ትልልቆቹ በራሳቸው ርምጃ ከሄዱ አባትና ጎረምሳው ፊት፣ እናት ትንሹን እየጎተተች መሐል፣ አያት ብቻቸውን ኋላ ይቀራሉ። አንድ ላይ የወጣ ቤተሰብ ሦስት ቦታ ተበተነ ማለት ነው።

ስለዚህ ከመኪናው ሳትርቁ ጥላ ያለበት ቦታ ሰሌን አንጥፉ፤ ለእማማ መደገፊያ ያለው ወንበር ያዙ። ከዚያ እየተነሳችሁ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ የሚፈጅ ዙር ሄዳችሁ ተመለሱ፤ በአንድ ጠዋት ሦስት ዙር ይበቃል። በየዙሩ ጥንዱን ቀይሩ። አንዴ አባት ከትንሹ ጋር ይሂድ፣ አንዴ አንቺ ከ9 ዓመቱ ጋር። ከእማማ ጋር የሚቀረውም ሰው ይቀያየር፤ የ14 ዓመቱም ተራው ይድረሰው። ቤት ውስጥ ከአያቱ ጋር ብቻውን 40 ደቂቃ የሚቀመጥበት ጊዜ የለውም፤ እኔን ከጠየቅሽኝ የቀኑ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው።

እንጦጦ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከመሐል ከተማው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሽም ያጥራል። ታኅሣሥና ጥር ጠዋት ላይ ለሁሉም ሹራብ ያስፈልጋል። እማማ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው ሐኪማቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጉልበትን ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ስለሚጎዳው ምርኩዝ ይያዙ።

ስንቅ ቋጣሪ
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ስንቅ ልጨምር። ዓርብ ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ወጥ ስትሠሪ ካመሸሽ ቅዳሜ ዛፍ ሥር የምትገኚው ደክሞሽና ተነጫንጨሽ ነው። ማብሰል የማይፈልግ ያዢ፦ ተቆርጦ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የተቀቀለ ድንች፤ ጾም ካልሆነ እንቁላል። እንጀራ ካማራችሁ ፍርፍር አድርጊው፤ ወጥ በመንገድ ይፈስሳል። ውኃ ለአዋቂ 1 ሊትር፣ ለልጅ ግማሽ ሊትር፣ ለእጅ መታጠቢያ ሌላ 2 ሊትር። መቋጠሩን ለልጆቹ አካፍይ፤ ቆሎውን 9 ዓመቱ ይቋጥር፣ ውኃውን ትልቁ ይቁጠር። ራሱ የቋጠረውን ልጅ በደስታ ይበላል።

ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙት። ከሰልና ጀበና ይዞ ጫካ መግባት በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት አደገኛ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ የደረቀው ቅርፊቱም ሥሩ ተከምሮ ይገኛል። አንድ ፍም በነፋስ ከተነሳ በጀሪካን ውኃ አይመለስም።

ቅጠል ሰብሳቢ
ጎረምሳው የሚሰለቸው ሥራ ስለሌለው ነው። ሰዓቱን ለእሱ ስጡት፦ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ከቤት መውጣት፣ 5 ሰዓት ተኩል ዕቃ መሰብሰብ። «ጊዜው ደርሷል» የሚለው እሱ ይሁን፤ ካለ ደግሞ ታዘዙት። ስልክን በተመለከተ «አትንካ» ብቻ አይሠራም። መጀመሪያ የእናትና የአባት ስልክ ቦርሳ ይግባ፤ ለፎቶና ለድንገተኛ ነገር አንድ ብቻ ይቅር፣ ፎቶ አንሺውም በየተራ ይሁን።

እማማን «ተረት ንገሩን» ከማለት ይልቅ ልጆቹ የወደቀ ቅጠል አንድ አንድ ያምጡላቸው። ወይራ የወተት ዕቃ ሲታጠን፣ ግራዋ ጋን ሲታጠብበት፣ ኮሶ ለምን ይጠጣ እንደነበር ከእሳቸው አፍ ሲሰሙ ትንሹም ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። 9 ዓመቱ ስሙን ጽፎ ቅጠሉን ደብተር ውስጥ ያድርቅ። ግን ምንም ነገር አይቀመስ፤ መድኃኒት የሚባለው ቅጠልም ቢሆን መጠኑ ካልታወቀ ይጎዳል። ሳማን ደግሞ ገና ስትደርሱ ለልጆቹ አሳዩአቸው፤ በባዶ እግርና በቁምጣ አይግቡ።

በሚቀጥለው ወርም እዚያው ቦታ ተመለሱ። መስከረም አደይ ያዩበት ሜዳ ጥር ላይ ደርቆ ሲያዩት ልጆቹ ራሳቸው መጠየቅ ይጀምራሉ።

የሦስት ልጆች እናት
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ክረምት ላይስ እናቋርጠው?

ጽድና ወይራ
አታቋርጡ፤ አሳጥሩት። ክረምት ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤት ተመለሱ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ሰሌኑን ጥላችሁም ቢሆን መኪና ውስጥ ግቡ። ቅያሬ ካልሲ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት።