ኬቢኤስ ያንን አጭር ድራማ ከድረ ገጹ ላይ ማንሳቱ ልክ ነበር?

ጥያቄውን ያነሳችው፦
በፈረንጆች ነሐሴ 2011 የደቡብ ኮሪያው የሕዝብ ጣቢያ ኬቢኤስ አንድ አጭር ድራማ አሳየ። «የቢሊቲስ ክለብ ሴት ልጆች» ይባላል። አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ሴት ከሴት ስትዋደድ ነው የሚያሳየው፤ አሥራዎቹ ውስጥ ያሉ ልጃገረዶች፣ የሠላሳዎቹ ሴቶች፣ የሃምሳዎቹ ሴቶች፣ ሦስት ትውልድ። ድራማው እንደታየ ተቃውሞው ፈላ። ጣቢያውም ያመለጠው ሰው መልሶ ከሚያይበት ድረ ገጹ ላይ አነሳው። እኔ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ሰው አይቶ ይፍረድ እንጂ እንዴት ሳያይ ይፈረድለታል?

የሁለት ልጆች እናት፦
አልስማማም እህቴ። ኬቢኤስ ሲኒማ ቤት አይደለም። ኮሪያ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በወር 2,500 ዎን ይከፍላል። ያኔ ክፍያው ከመብራት ሒሳብ ጋር አንድ ላይ ነበር የሚመጣው። መብራትሽን ስትከፍዪ የጣቢያውንም ትከፍያለሽ፣ ወደድሽም ጠላሽም። በገንዘቤ የሚሠራ ጣቢያ የማላምንበትን ሳሎኔ ድረስ ሲያመጣው መናገር መብቴ ነው። በዚያ ላይ ልጃገረዶቹን ምን አስገባቸው? የትልልቆቹ ታሪክ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልቆጣም ነበር።

ከዋሽንግተን፦
የሃምሳዎቹ ሴቶችስ መብራት አያበሩም? እነሱም 2,500 ዎናቸውን ይከፍላሉ። አንዲት ሰዓት በዛባቸው? ደግሞ የተቃውሞውን ዓይነት እንየው። ከዚያ በፊት በ2010 ሌላው የኮሪያ ጣቢያ ኤስቢኤስ ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበት የቤተሰብ ድራማ ሲያሳይ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። ልጄ ድራማውን አይቶ ጌይ ቢሆንና በኤድስ ቢሞት ተጠያቂው ኤስቢኤስ ነው የሚል! ይሄ ሰውን በበሽታ ማስፈራራት ነው። ክርክር አልለውም።

የፊልም ተማሪ፦
እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሦስት ጥንድ በአንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ማለት ነው። ፍቅር በሃያ ደቂቃ አይበስልም። ስለ ሃምሳዎቹ ሴቶች ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ጥሩ ነበር! በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት ስትወድ የሚያሳይ ድራማ እኮ በየትም አገር ብርቅ ነው። ይህን ደካማ ጎኑን ግን ተመልካች አይቶ መናገር ነበረበት። ከተነሳ በኋላ ሰው የሚያወራው ስለ መነሳቱ ብቻ ሆነ።

አንድ አባት ከአዲስ አበባ፦
ልጆች፣ እኛን ምን አገባን? በእኛ ሕግ ይህ ወንጀል ነው። የሰው አገር ጉድ ለምን እናራግባለን?

ጥያቄውን ያነሳችው፦
ጋሼ፣ ክብርዎ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የኮሪያን ድራማ ቤታችን ቁጭ ብለን የምናይ ሰዎች ስለሱ ብናወራ ምን ነውር አለው? የምንነጋገረው ደግሞ ስለ እነሱ ሕግ ነው። እዚያ ከወታደሩ ሕግ በቀር ወንጀል አይደለም። ቀድሞ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ለወጣቶች ጎጂ ከሚባሉት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ነበር። በ2003 የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ይውጣ አለ፣ በ2004 ወጣ። ስለዚህ በ2011 ሰው «ለልጆች ጎጂ ነው» ሲል፣ ሕጉ ራሱ ያንን ከተወው ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሕጉ ተወው እንጂ ወላጅ አልተወውም። ተቆጣጣሪውም አልተወውም። በ2015 ጄቲቢሲ የሚባለው የኮሪያ ጣቢያ ሁለት የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ሲሳሳሙ አሳይቶ ከብሮድካስት ተቆጣጣሪው ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ያው የእኔ ሐሳብ ነው።

ከዋሽንግተን፦
ጥሩ አነሳሽው። ጄቲቢሲ እኮ የግል ጣቢያ ነው፣ ከመብራት ሒሳብ ጋር አይገናኝም። ያም ሆኖ ተቀጣ። ታዲያ የ2,500 ዎኑ ነገር ሰበብ ነበር ማለት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰበብ አይደለም፣ ከምክንያቶቼ አንዱ ነው። ዋናው ልጆቹ ናቸው። ድራማው ድረ ገጹ ላይ ቆይቶ ዕድሜ ቢጠየቅበት፣ ከ19 ዓመት በታች ያለ እንዳይገባ ቢደረግ ቅር አይለኝም ነበር።

ጥያቄውን ያነሳችው፦
እሱን ነበር ማድረግ የነበረባቸው! ገደብ አድርገው ሊያቆዩት ሲችሉ ነው ያነሱት።

የሁለት ልጆች እናት፦
ድረ ገጹ ላይ ይቆይ አልኩ እንጂ በቴሌቪዥን ይታይ አላልኩም። እሱ ላይ ገና አልተስማማንም።